«ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው» የሚለው ጥቅስ ሁለተኛ ግማሽ አለው

ጥያቄ፦ «በመሥሪያ ቤታችን ለፋሲካ ብር አዋጣን። ገሚሱ በግ ገዝተን እዚሁ እንብላ አለ። እኔና ሁለት ልጆች ለተቸገሩ ይሰጥ አልን። አንድ ትልቅ ሰው ‹ጌታ ራሱ ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው ብሏል፤ እናንተ ልታጠፏቸው ነው እንዴ?› ብለው ሳቁብን። ሌላው ተነስቶ ኢየሱስ የመጀመሪያው ሶሻሊስት ነው አለ። ሦስተኛዋ ደግሞ እሱ ለነፍስ እንጂ ለሆድ አልመጣም፣ የቄሣርን ለቄሣር ብሏል ብላ ዘጋችው። በታሪክ ካየነው ማንኛችን ነን ልክ?»

መልስ፦ ሦስቱም ግማሽ ጥቅስ ይዘው ነው የተከራከሩት። የትልቁ ሰው ግን የባሰ ነው። ከእሱ ልጀምር።

ነገሩ የሆነው በቢታንያ፣ በለምጻሙ ስምዖን ቤት ነው። አንዲት ሴት ከሦስት መቶ ዲናር በላይ የሚያወጣ ሽቶ በኢየሱስ ራስ ላይ አፈሰሰች። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። ስለዚህ የፈሰሰው የዓመት ደመወዝ ነው ማለት ይቻላል። በቦታው የነበሩት «ተሽጦ ለድሆች ይሰጥ ነበር» ብለው አጉረመረሙ። ያን ጊዜ ነው «ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው» ያለው። ማርቆስ ግን እዚያ ላይ አያቆምም። በወደዳችሁት ጊዜ መልካም ልታደርጉላቸው ትችላላችሁ ብሎ ይቀጥላል።

ይህ ብቻ አይደለም። አባባሉ የራሱ አይደለም፤ ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 የተወሰደ ነው። እኛ «ድር ቢያብር» ብለን ዝም ብንል «አንበሳ ያስር» የሚለውን ሰሚው ራሱ ይጨርሰዋል። በዚያ ቤት የተቀመጡት አይሁድም እንደዚሁ ናቸው። የዘዳግም ቃል ድሃ ከምድሪቱ አይታጣም ይልና ወዲያው «ስለዚህ እጅህን ክፈት» ብሎ ያዛል። ባልደረባዎ ምክንያቱን ያዙና ትእዛዙን ጣሉት።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የጥያቄዎ ዋና መልስ ያለው እዚያ ነው። ዘዳግም 15 የሚናገረው ስለ ምጽዋት አይደለም። ስለ ብድር ነው። በየሰባቱ ዓመት ዕዳ ይሰረዝ ይላል። ሰባተኛው ዓመት ደረሰ፣ ብሬ ይቀልጣል ብለህ ለወንድምህ ማበደር እንዳትከለክል ብሎም ያስጠነቅቃል። ሕግ አውጪው የሰውን ጠባይ ያውቅ ነበር ማለት ነው። የተፈራውም ደረሰ። ከኢየሱስ ጥቂት ቀደም ብሎ የኖረው ታላቁ መምህር ሂሌል፣ አበዳሪዎች ለድሃ ማበደር እንዳቆሙ አይቶ «ፕሮዝቡል» የሚባል ሰነድ ሠራ። ዕዳው በሸንጎ በኩል እንዲያዝ ተደረገ፤ በሰባተኛው ዓመትም አይሰረዝም። ሂሌል ይህን ያደረገው ድሃው ብድር እንዲያገኝ አስቦ ነው። ውጤቱ ግን ዕዳው ከዓመት ወደ ዓመት የሚሻገር ሆነ። ዕዳ በዚያ አገር ምን ያህል የሚያንገበግብ ነገር እንደነበር ለማወቅ አንድ ክስተት ይበቃል። በ66 እ.ኤ.አ. በሮም ላይ ዓመፅ ሲነሳ ዓመፀኞቹ ኢየሩሳሌም ውስጥ የብድር ሰነዶች የሚቀመጡበትን መዝገብ ቤት አቃጠሉት። ይህን የጻፈው በዘመኑ የነበረው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ ነው።

አሁን ወደ ሰውየው ሕይወት። ስለ ኢየሱስ በታሪክ የምናውቀው ከሚወራው ያነሰ፣ ከሚጠረጠረው ግን የበዛ ነው። የተወለደው ታላቁ ሄሮድስ ከመሞቱ በፊት ነው፤ ሄሮድስ የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4 ዓመት ተብሎ ይገመታል። (አዎ፣ ዓረፍተ ነገሩ ያስቃል። የፈረንጁም የእኛም ዘመን አቆጣጠር ልደቱን በትክክል አልመቱትም።) ያደገው በናዝሬት ነው፤ ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርባት መንደር ነበረች። የተሰቀለው ጲላጦስ ይሁዳን ባስተዳደረበት ጊዜ፣ ከ26 እስከ 36 እ.ኤ.አ. ባለው ውስጥ ነው። ብዙ ሊቃውንት 30 ወይም 33 ይላሉ። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ መገደሉን ጽፏል። ጆሴፈስም ወንድሙ ያዕቆብ በ62 ሲገደል ኢየሱስን በስም ያነሳል። የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ደግሞ በ1961 እ.ኤ.አ. ቂሳርያ ላይ ተገኝቷል። «ፈጽሞ አልነበረም» የሚሉ ቪዲዮዎችን እየላኩ የሚጠይቁኝ አሉ፤ በዘርፉ ከሚሠሩ የታሪክ ሰዎች መካከል ይህን የሚቀበል ማግኘት ይከብዳል።

ማርቆስ «ጸራቢው» ይለዋል። የግሪክኛው ቃል ከአናጢ ይሰፋል፤ እንጨትም ድንጋይም የሚሠራ፣ ቤት የሚያንጽ ሰው ነው። ከናዝሬት ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሴፎሪስ ነበረች። ሮማውያን ያፈረሷት፣ የታላቁ ሄሮድስ ልጅና የገሊላ ገዥ የነበረው ሄሮድስ አንቲጳስ እንደገና ያሠራት ከተማ ናት። አንቲጳስ በዚህ አልቆመም። በ20 ገደማ በገሊላ ባሕር ዳር ጥብርያዶስን ቆረቆረ። ሁለት ከተማ በአንድ ትውልድ! ወጪውን የሸፈነው ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ ነው። አንቲጳስ ከገሊላና ከዮርዳኖስ ማዶ ካለችው ከፔርያ በዓመት 200 መክሊት (መክሊት ትልቁ የገንዘብ መለኪያ ነው) ይሰበስብ እንደነበር ጆሴፈስ ጽፏል። ይህን ቁጥር ይያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የተራውን ሰው ኑሮ በዓይን ማየት ከፈለጉ በ1986 እ.ኤ.አ. ከገሊላ ባሕር ጭቃ ውስጥ የወጣች አንዲት ጀልባ አለች። የዚያው የመጀመሪያው መቶ ዘመን ናት። ርዝመቷ 8 ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል። የተሠራችው ከአሥር በላይ ከሆኑ የእንጨት ዓይነቶች ነው። ከአሮጌ ጀልባ የተነቀለ ሳንቃ ሁሉ አለባት። ተጠግና፣ ተጠግና፣ በመጨረሻ የሚጠቅም ዕቃዋ ተነቅሎ ተጣለች። ጴጥሮስና እንድርያስ የተሳፈሩባት ናት የሚል ማስረጃ የለም። ግን እነሱ የሚያውቁት ዓይነት ጀልባ ናት። የእኛ ሰው አሮጌ ቆርቆሮ ቀጣጥሎ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ያቺን ጀልባ ወዲያው ይረዳታል።

በዚህ አገር ላይ ቆመው ምሳሌዎቹን ሲሰሙ ሌላ ድምፅ አላቸው። የወይን አትክልቱን ሠራተኞች ይውሰዱ። በገበያ ቆመው የሚቀጥራቸው የሚጠብቁት ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የቆሙት «የሚቀጥረን ስለ አጣን ነው» ይላሉ። ማለዳ አዲስ አበባ አደባባይ ላይ አካፋና ዶማ ይዘው ፒካፕ በቆመ ቁጥር የሚሮጡትን ልጆች አይተዋል? እነሱ ናቸው። ባለቤቱ ለመጨረሻዎቹም ሙሉ ዲናር ከፈለ። ዲናር የቀን እንጀራ ነው፤ ግማሽ ዲናር ይዞ ቤቱ የሚገባ ሰው ግማሽ ቤተሰብ አያበላም።

የማይምረውን ባሪያ ደግሞ ይመልከቱ። የነበረበት ዕዳ እልፍ መክሊት ነው። አሁን ቁጥሬን ላምጣ፦ አሥር ሺህ መክሊት አንቲጳስ ከአገሩ የሚያገኘው የሃምሳ ዓመት ገቢ ነው። ሰሚው ሳቅ ሳይፈነዳበት አልቀረም። ያ ዕዳ ተሰረዘለት። ከዚያ ወጥቶ መቶ ዲናር የተበደረውን ባልንጀራውን አነቀው። ኢየሱስ ኃጢአትና ይቅርታን ለማስረዳት የመረጠው ሥዕል ይሄ ነው፤ ጉሮሮ የሚያንቅ አበዳሪ። በአባታችን ሆይ ጸሎትም እንዲሁ ነው። «በደላችንን ይቅር በለን» የምንለው በማቴዎስ ግሪክኛ ቃል በቃል «ዕዳችንን» ነው። ኢየሱስ በሚናገርበት በአረማይክ አንዱ ቃል ዕዳም በደልም ማለት ነበር። ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም፤ «ዕዳ በደል» አብረን እንጠራለን። አንዳንዱ ታዲያ «በደል የሚለው ይቅርና ዕዳ ተብሎ ይተርጎም» ይላል። አልስማማም። ቃሉ ሁለቱንም ይይዛል፤ አንዱን መንጠቅ ነው ስህተቱ።

ከዕዳ ቀጥሎ ደጋግሞ የሚመጣው ማዕድ ነው፤ የእርስዎ የፋሲካ ጥያቄም የሚገባው እዚህ ነው። ጠላቶቹ ካቀረቡበት ክስ አንዱ ከቀራጮችና ከኃጢአተኞች ጋር ይበላል የሚል ነው። አብሮ መብላት ምን እንደሆነ ለሐበሻ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ከማን ጋር ለገበታ መቅረብዎ ማን እንደሆኑ ይናገራል። በሉቃስ 14 ኢየሱስ የጋበዘውን ሰው በራሱ ቤት እንዲህ ይመክረዋል፦ ድግስ ስታደርግ ወዳጆችህን፣ ዘመዶችህን፣ ባለጠጋ ጎረቤቶችህን አትጥራ፤ እነሱ በተራቸው ይጠሩሃል፣ ብድራትም ይመልሱልሃል። ድሆችን፣ ጉንድሾችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥራ፤ የሚመልሱት የላቸውምና።

የአማርኛው ትርጉም «ብድራት» የሚለውን ቃል መምረጡ ግሩም ነው። እኛ ድግስን በብድር ነው የምንቆጥረው። የእከሌን ሠርግ በልተናል፣ የእኛ ሲደርስ ካልመጡ ቅያሜ ነው። «ብድር በምድር» ብለን ተረተናል። የዚያን ዘመን ማኅበረሰብም የሚሄደው በዚሁ ሂሳብ ነበር። ሀብታሙ ይሰጣል፣ ተቀባዩ ያመሰግናል፣ ይከተላል፣ ይታዘዛል። ኢየሱስ የነካው ይህን ሂሳብ ነው። «ምንም ተስፋ ሳታደርጉ አበድሩ» ያለውም ከዚህ የተለየ አይደለም። እኔ ማኅበራዊ መልእክቱን በአንድ ቃል ተናገር ብባል ብድር እላለሁ፤ ማን ለማን ዕዳ አለበት የሚለውን ሂሳብ መቀደድ።

እንግዲህ ሶሻሊስት ነበር? አልነበረም። ሶሻሊዝም የ19ኛው መቶ ዘመን ልጅ ነው። ፋብሪካ፣ ፓርቲና የመንግሥት ንብረት ይፈልጋል። ኢየሱስ ንብረት በመንግሥት እጅ ይግባ አላለም። ዘኬዎስ የሀብቱን ግማሽ ለድሆች እሰጣለሁ፣ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲለው ቀሪው ግማሽስ ብሎ አልተከራከረውም። ጉዞውን ከሚረዱት ሴቶች አንዷ ዮሐና ናት፤ ባሏ ኩዛ የሄሮድስ አዛዥ ነበር። የአንቲጳስ ቤት ገንዘብ ዞሮ ይህን እንቅስቃሴ መገበ ማለት ነው! በኋላ ኢየሩሳሌም የነበሩት ምእመናን ንብረታቸውን በጋራ እንዳደረጉ የሐዋርያት ሥራ ይናገራል። በፈቃድ ነው እንጂ በአዋጅ አልነበረም። በደርግ ጊዜ ከአዋጅ የመጣውን ያየ ትውልድ ልዩነቱ አይጠፋውም።

በዚህ በኩል ድንበሩንም ልናገር። ባርነት ይጥፋ የሚል ቃል ከእሱ አልተጻፈም፤ ባሮች በምሳሌዎቹ እንደ ተራ ነገር ይገባሉ። የአስተዳደር ዕቅድ፣ የግብር ተመን፣ የመሬት አዋጅ አልተወም። የእግዚአብሔር መንግሥት በቅርቡ ይመጣል ብሎ የሚሰብክ ሰው የአምስት ዓመት ዕቅድ አያወጣም። ስለዚህ «ኢየሱስ ዛሬ ቢሆን ይህን ፓርቲ ይመርጥ ነበር» የሚልዎት ሰው ካለ ጨዋታ ይቀይሩ።

ለነፍስ ብቻ ነው የመጣው ያሉት ባልደረባም አልተሳካላቸውም። በናዝሬት ምኩራብ ከኢሳይያስ መርጦ ያነበበው ለድሆች የምሥራች፣ ለታሰሩት መፈታት፣ «የተወደደችው የጌታ ዓመት» የሚለውን ነው። ያ ዓመት በድህነት የተሸጠ ሰው ነጻ የሚወጣበትን፣ መሬት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበትን የኢዮቤልዩ ዓመት ያስታውሳል። በሉቃስ «እናንተ ድሆች ብፁዓን ናችሁ» ይላል። ማቴዎስ «በመንፈስ» የሚል ጨምሮበታል። ሁለቱም ተጽፈዋል፤ አንዱን ብቻ ማንበብ አያዋጣም።

የቄሣርስ? «ለቄሣር ግብር እንክፈል ወይስ አንክፈል?» የሚለው ጥያቄ ወጥመድ ነበር። በ6 እ.ኤ.አ. ሮማውያን የይሁዳን አገር ሕዝብ ለግብር ሲቆጥሩ ይሁዳ የሚባል የገሊላ ሰው ተነስቶ ዓመፅ ቀስቅሷል። ኢየሱስ ክፈሉ ቢል ሕዝቡ ይጠላዋል፤ አትክፈሉ ቢል ሮም ይሰቅለዋል። እሱ መጀመሪያ ያደረገው ዲናር አምጡልኝ ማለት ነው። በኪሱ የለም፤ በእነሱ ኪስ አለ። በጢባርዮስ ዘመን ዲናር ላይ «የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ይህን ይዘው ወደ ቤተ መቅደሱ ግቢ ገብተዋል። «ይህ መልክ የማን ነው?» አለ። የቄሣር። እንግዲያው የቄሣርን ለቄሣር፣ የእግዚአብሔርን ለእግዚአብሔር። ኦሪትን የሚያውቅ ሰሚ ወዲያው ይጠይቃል፦ የእግዚአብሔር መልክ ያለበትስ ምንድን ነው? ሰው ነው። ሳንቲሙ ለቄሣር ይሂድ፤ ሰውየው ግን የቄሣር አይደለም። ይህ ከፖለቲካ መሸሽ ከሆነ እንጃ። በሉቃስ መሠረት ጲላጦስ ፊት ለቄሣር ግብር ይከለክላል ተብሎ መከሰሱን አይርሱ።

የሞቱ ዓይነትም ይመሰክራል። መስቀል የባሪያና የዓመፀኛ ቅጣት ነበር። ስለ ነፍስ ብቻ የሚያወራ ሰው ላይ ሮም ምስማር አታባክንም። በፋሲካ ሰሞን፣ ከተማዋ በሕዝብ በተጨናነቀችበት፣ በቤተ መቅደሱ የለዋጮችን ገበታ ገለበጠ፤ «የአይሁድ ንጉሥ» የሚል ክስ ተለጠፈበት። የጦር መሪ ቢሆን ደግሞ ተከታዮቹም አብረውት ይታደኑ ነበር። እነሱ ግን እዚያው ኢየሩሳሌም ሲሰብኩ እናገኛቸዋለን። ባለሥልጣናቱ ሠራዊት እንደሌለው ያውቁ ነበር፤ የፈሩት የሚከተለውን ሕዝብ ነው።

ክርክሩ ሲቀጥል የሚመጡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ይጠንቀቁባቸው። አንደኛው «የመርፌ ቀዳዳ» ኢየሩሳሌም ውስጥ ያለ ጠባብ በር ነው፣ ግመል ተንበርክኮ ያልፍበታል የሚለው ወሬ ነው። እንዲህ ያለ በር በዚያ ዘመን እንደነበረ ምንም ማስረጃ የለም። ደቀ መዛሙርቱ «እንግዲያ ማን ሊድን ይችላል?» ብለው የደነገጡት ስለ ግመል ጉልበት አይደለም። ሁለተኛው የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲም ነው። ገንዘብ ሲሰበሰብ ቶሎ የሚጠቀስ ነው። ከታሪኩ በፊት ያለውን ቁጥር ግን ያንብቡ፤ «የመበለቶችን ቤት የሚበሉ» ጻፎችን ያወግዛል። ቀጥሎ አንዲት መበለት መተዳደሪያዋን ሁሉ ስትጥል ይታያል። እሷን ማድነቁ እውነት ነው። ያቺን ሴት ባዶ እጇን ወደ ቤቷ የሚልክ አሠራርን ማመስገኑ ግን የትም አልተጻፈም። ሊቃውንት በዚህ ይከራከራሉ፤ እኔ ሁለቱ ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡት በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም።

ምክሬ ይህ ነው። ክርክሩን በጥቅስ አይቀጥሉ። የሉቃስን ወንጌል ከ1 እስከ 24 በአንድ ቅዳሜ ያንብቡት፤ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። እርሳስ ይያዙና ገንዘብ፣ ብድርና ማዕድ ያለበትን ቦታ ሁሉ ያስምሩ። ዘዳግም 15ንም አጠገብዎ ይክፈቱ። ሉቃስ 16 ላይ ሲደርሱ ቆም ይበሉ። በእኛ ትውፊት ባለጠጋው ነዌ ይባላል እንጂ በሉቃስ ስም ያለው ድሃው አልዓዛር ነው። ነዌ ሰረቀ አይልም፣ ገደለ አይልም። አልዓዛር ደጁ ላይ ነበር፤ እሱ ውስጥ ይበላ ነበር።

የተዋጣውን ብር ደግሞ ለሁለት አይክፈሉት። በጉ ይገዛ፣ እዚሁ ይበላ፤ ግን ስም ዝርዝሩ ይቀየር። በኤጀንሲ የተቀጠሩት ጥበቃዎችና ጽዳቶች መዋጮ ውስጥ የሉም ብዬ እገምታለሁ። ይጠሩ። ሻይ የምታፈላው ልጅ ትጠራ፤ አስተናጋጅ ሆና አይደለም፣ ተቀምጣ ትብላ። በር ላይ የሚቀመጡት እናት ካሉ እሳቸውም ይግቡ። ትርፍራፊ በፌስታል አስሮ ወደ በሩ መላክ ይቅር። ሙስሊም ባልደረባ ካለ ለእሱ የሚሆነው በግ በሙስሊም ይታረድ፣ ካልተቻለ አትክልትና ዓሣ ለብቻ ይሠራ። ሰዓቱንም ጥበቃዎቹ ፈረቃ ሲቀያየሩ ብታደርጉት ሁለቱም ተረኞች ይደርሳሉ።